ወንጌል ማሳ ውስጥ ምን ይጠይቃል?

የዛሬው ዝግጅታችን አንድ ክርስቲያን በዕለት ኑሮው ወንጌልን የት ያገኘዋል ብሎ ይጠይቃል፤ በማሳው፣ በገበያው፣ በማጀቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር ባለው ጉዳይ። በእኛ አገር ጥያቄው አስቀድሞ የተመለሰ ይመስላል። ሰላምታችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ለተደረገልን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ቀጠሮ ስንይዝ እንኳ «ለሚካኤል ማግሥት» እንባባላለን፤ ማኅበሩ ወር በገባ ቁጥር ጽዋውን ያዞራል። ይሁንና የእግዚአብሔር ስም ከአፍ አለመለየቱ አንድ ነገር ነው፣ ወንጌል ኑሮ ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ሌላ። እንዲያውም ስሙን ስለለመድነው ይሆናል ጥያቄውን ሳንጠይቀው የምናልፈው።

አብዛኞቻችን እምነታችንን ከኑሯችን ጋር የምናገናኘው በምልክት ነው። ሩዙ ሲይዝ ተባረክን፣ ጎርፍ ሲበላው ተቆጣን፤ ልጁ ፈተናውን ሲያልፍ ስለቴ ሰመረ፣ ሲወድቅ ደግሞ ምን በድዬ ይሆን። ይህ የአንድ ቤተ እምነት ልማድ ብቻ አይደለም። በየመድረኩ የሚሰማው ምስክርነትም ሆነ በየንግሡ የሚገባው ስለት፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚያበቃው ባለታሪኩ ባገኘው ነገር ላይ ነው። ምስጋና ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ያለ ምስጋና ምን እምነት አለ? የምለው ሌላ ነው። ወንጌል በዕለት ኑሯችን ውስጥ የሚገኘው፣ እኛ የእግዚአብሔርን ሞገስ የሚያሳይ ማስረጃ በምንለቅምበት በኩል ሳይሆን፣ ሥራችንና ጉርብትናችን ሌላ ሰው ፊታችን አቁሞ «ይህንንስ ሰው ምን ልታደርገው ነው?» ብሎ በሚጠይቀን በኩል ነው። ማስረጃ የሚለቅም ሰው የሚያሰላው ስለ ራሱ ነው፤ ወንጌል ግን የሚጠይቀው ስለ ሌላው ነው። ይህን ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል፣ ከራሱ ከወንጌሉ፣ እንዲሁም በዚሁ በጣና ዳር ከሚነገር ገድል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የሚነሡትንም ተቃውሞዎች አልሸሻቸውም።

ከዘመኑ እንነሣ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ትለዋለች፤ እሱንም መልሳ ትከፋፍለዋለች። መጀመሪያው ዘርና ደመና የሚታሰቡበት ነው። ከሐምሌ 19 ጀምሮ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፣ ማለት ወንዞች፣ ይመጣሉ። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ክፍል ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና አምላኩን ተስፋ የሚያደርገው የፍጥረት ሁሉ ዓይን የሚታሰቡበት ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው ድጓ ለእነዚህ ሁሉ ቀለምና ዜማ ተመድቦላቸዋል። ከጣና በስተምሥራቅ ላለው ለፎገራ ሜዳ ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው፣ ደፍርሰውና ሞልተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና የሚገቡት በዚያው ቤተ ክርስቲያን አፍላግን በምታስብበት ወቅት ነው። ደሰያት ሲባልም ጣና ቂርቆስ እዚሁ ከሐይቁ ላይ አለ። ሩዝ ዘሪው ማሳው ውስጥ ጎንብሶ የሚያየውና ካህኑ በማኅሌት ቆሞ የሚለው አንድ ነገር ነው። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ ፍጥረት የምታስበው ለምንድን ነው? የማንንም ጽድቅ ለመመስከር አይደለም። ቁራን ተመልከቱት። በኦሪት ሕግ ከማይበሉት፣ ርኩስ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው። አይዘራም፣ አያጭድም፣ ጎተራም የለውም። እንዲያም ሆኖ የእሱ ጫጩት ሲጮኽ የሚሰማው አለ፤ ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ለደቀ መዛሙርቱ ምሳሌ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ ወፍ ነው። እንግዲህ በክረምት እምብርት ላይ የተቀመጠው ትምህርት ዝናብ ደመወዝ አይደለም የሚል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይኸው ነገር ይበልጥ ይጠነክራል፤ ፀሐዩ ለክፉውም ለደጉም እንደሚወጣ፣ ዝናቡ ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም እንደሚዘንብ የተነገረው ስለ አዝመራ በሚያወራ ቦታ ሳይሆን ጠላትን ስለ መውደድ በሚያወራ ቦታ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በእኔም፣ ድንበሬን ገፋ ብዬ ፍርድ ቤት በምመላለስበት ጎረቤቴም ማሳ ላይ እኩል ሲወርድ፣ ከዚያ የምማረው «እኔን ይወደኛል» ማለትን አይደለም። ጥያቄው፣ እሱ ዝናቡን ያልከለከለውን ሰው እኔ ሰላምታ ለምን ከለከልሁት ነው።

እዚያው የሉቃስ ምዕራፍ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ለዚህ አገር የተጻፈ ይመስላልና። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ ብሎ ጌታን ይጠይቃል። የወንድማማች የመሬት ክርክር ነው፤ ከሱ የበለጠ የዕለት ኑሮ ከየት ይመጣል? ጌታ ዳኛ ሆኖ ሊያካፍላቸው አልፈቀደም። በምትኩ መሬቱ እጅግ ስላፈራለት ባለጠጋ ነገራቸው። ይህ ሰው ሌባ አልተባለም፣ ግፈኛም አልተባለም። እህሉ የሚያገባበት አጥቶ፣ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ አሰበ፣ ነፍሱንም ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ ሊላት አሰበ፤ በዚያች ሌሊት ሰነፍ ተባለ። ምርት የሞገስ ምልክት ቢሆን ኖሮ በወንጌሉ ሁሉ ከዚህ ሰው የተባረከ ባልተገኘ ነበር። ስንፍናው የቱ ላይ ነው? ንግግሩን አስተውላችሁ ስሙት፤ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል እንጂ ሌላ ሰው አንድም ጊዜ አያነሣም። ያረሰለት የለም፣ ያጨደለት የለም፣ ሚስት የለም፣ ጎረቤት የለም። የሚማከረው እንኳ ከራሱ ጋር ነው። ከዚህ ሜዳ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይከብዳል። ሩዝ በፎገራ ከአባት ከአያት የመጣ ሰብል አይደለም፤ በደርግ ዘመን የገባ ነው፤ ውሃ እየተኛበት ለሌላ እህል አልመች ያለውን መሬት ባለ ዋጋ ያደረገው እሱ ነው። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ የቀየረ ብዙ ነው፤ በወረታ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያው ወፍጮ ተደርድሯል። መሬት እንዲህ ዋጋ ሲያወጣ ወንድምና እኅት በውርስ የሚካሰሱበት ጉዳይም አብሮ ይበዛል። ባለጠጋው ሰው እንግዲህ ከዚህ ሩቅ አገር አይኖርም፤ «ዘንድሮ እግዚአብሔር ባረከን» በምንልበት በዚያው ዓመት፣ ድርሻዋን ስትጠይቅ የኖረች እኅታችን ስሟ በንግግራችን ውስጥ አለ ወይ?

ከወንጌሉ ሁለተኛው ማስረጃ የማቴዎስ ምዕራፍ 20 የቀን ሠራተኞች ምሳሌ ነው። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ ዕድል አለን። የወይኑ ባለቤት ሠራተኛ ፍለጋ በማለዳ፣ ከዚያም በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ይወጣል። ፈረንጅ አንባቢ ሰዓቱን በልቡ ደምሮ ቀንሶ ነው የሚረዳው፤ እኛ ግን 11 ሰዓት ምን እንደሆነ እንዲሁ እናውቃለን፤ ፀሐይዋ ወደ ጣና ልትወርድ አንድ ሰዓት የቀራት ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሩዝ አረም ሲደርስ የሚታየውን አስቡት። ከደጋው ጉልበቱን ሊሸጥ የወረደው ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ሩዝ የሚመስለውን ሣር ከሩዙ እየለየ በእጁ ይነቅላል፤ የነቀለውን ከማሳው ዳር ይከምራል፤ ሲመሽ የጣቶቹ ቆዳ ተጨማዶ፣ ወገቡ ቀና ማለት አቅቶት ይወጣል። የዚህን ሰው ክፍያ «ገበያ ስወጣ እሰጥሃለሁ» ብሎ የሚያሳድር አሠሪ፣ የሩዙን ማማር ለቤተ ክርስቲያን በሚያስገባው ስለት ቢያከብር ከወንጌሉ ጋር ምን ያገናኘዋል? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ታዝዟል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ የአጫጅ ዋጋ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። ምሳሌውን ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ብቻ አድርገን እንሰብከዋለን፤ ነገሩ እውነት ነው፣ ስለ ቸርነቱ ነው። ግን ቸርነቱ የሚጀምረው ከሙሉ ክፍያ ነው። በማለዳ የገቡት የተስማሙበትን አንድ ዲናር ሳይጎድል ወስደዋል፤ ለኋለኞቹ የተደረገው ልግስና ከእነሱ ክፍያ ምንም አልቀነሰም። የመጨረሻዎቹ ለምን ሥራ ፈትተው እንደቆሙ ሲጠየቁም የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ የቀጠረን የለም። ስንፍናቸውን የሚያወሳ ቃል በምሳሌው ውስጥ አልገባም፤ እኛ ግን ጠዋት በየከተማው ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቅን ሰው አይተን ስንፍናውን ለማውሳት አንቸገርም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ወንጌል የተነገረው በሌላ አገር ነው፤ ወይንና በለስ፣ ስንዴና ሰናፍጭ እንጂ ሩዝም ጤፍም የለበትም፤ ታዲያ የእኛን ኑሮ ከዚያ ውስጥ መፈለግ ግድ ማጣበቅ አይሆንም ወይ ይላል። ተቃውሞው ከባድ አይመስለኝም። ምሳሌዎቹ ሰብሉን ሊያስተምሩን አልተነገሩም፤ የሚያስተምሩት አሠሪና ሠራተኛ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ታላቅና ታናሽ ወንድም፣ በእኩለ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ጎረቤትና አልነሣም የሚል ባለቤት ስላላቸው ነው። በእነዚህ በኩል ገሊላና ፎገራ አይራራቁም። እንዲያውም ለኛ የሚቀርብ ስንት አለ። ሴትዮዋ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ስለ ሸሸገችው እርሾ ሲነገር፣ የሩዝና የጤፍ ዱቄት ቀላቅላ ቡሆ የምታቦካ እናት ምን ያህል እንደሆነ ወዲያው ትገምታለች፤ መስፈሪያው ያኔ ትልቅ ነበርና ያ ሁሉ ዱቄት ለአንድ ቤት ሳይሆን ለድግስ የሚበቃ ነው። ለማን ልታበላው ነው? ብሎ መጠየቅ ለእሷ የመምህር ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ስለ መስፈሪያ ካነሣን አይቀር አንድ ሌላ ቃል ልጨምር፤ በተሳሳተ መንገድ ሲጠቀስ ስለምሰማው። በሉቃስ ምዕራፍ 6 ስጡ ይሰጣችኋል፤ የተጨቆነ፣ የተነቀነቀ፣ የተትረፈረፈ መልካም መስፈሪያ ይሰጣችኋል የሚል ትምህርት አለ። የሐሙሲት ገበያ ሴት ይህን ለማስረዳት እጇን ብቻ ትጠቀም ነበር፤ ቁናውን ትሞላዋለች፣ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ በመዳፏ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ላዩን ከምራ ጠርዙን አልፎ እስኪንጠባጠብ ትጨምርበታለች። ነቅንቆ መስፈርና ሳይነቅንቁ መስፈር በሻጭና በገዢ መካከል ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ቃሉን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ገንዘብ የሰጠ እጥፍ ያገኛል ለሚል ስብከት ነው። ከፊቱ ያለውን አንብቡ፤ የሚያወራው አትፍረዱ፣ አትኰንኑ፣ ይቅር በሉ ስለሚል ነገር ነው። የሚሰፈረው መጀመሪያ ፍርድና ምሕረት ነው። ለራሳችን ጥፋት ምክንያት ስንፈልግ ነቅንቀን፣ ጨቁነን፣ ከምረን እንሰፍራለን፤ ለሌላው ጥፋት ሲሆን በላዩ ላይ በእጃችን ጠርገን ልክ ልኩን እናደርገዋለን።

አሁን ወደ ገድሉ ልምጣ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ እዚሁ በእኛ በኩል፣ ጓንጉት የሚባል የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገዳም አለ፤ በነሐሴ 24 በዓሏ ሲከበር ብዙ ሕዝብ ይሳለመዋል። ያ ቀን ደግሞ ደሰያት በሚታሰቡበት ክፍል ውስጥ የሚውል ነው። ቅድስቲቱ በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረች፣ ትውልዷ ሸዋ ቡልጋ የሆነ ኢትዮጵያዊት ናት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሐይቁ ውስጥ ቆማ ለዓመታት መጸለይዋን ነው፤ ደግሞም ዲያብሎስ ራሱ ታርቆ የሰው ልጅ መከራ እንዲያበቃ አምላኳን መለመንዋን። ይህ ልመና የሥነ መለኮት ሊቃውንትን የሚያነጋግር ድፍረት ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን እሱ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ የገድሉ መነሻ ነው። ክርስቶስ ሠምራ ባለጠጋ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በቤት ሠራተኛዋ ተቆጥታ የሚነድ እሳት በአፏ ከተተችባት፤ ልጅቱም ሞተች። ደንግጣ፣ አምላኬ ይህችን ነፍስ ብትመልስልኝ ዓለምን ትቼ አንተን አገለግላለሁ ብላ ተሳለች፤ ልጅቱም ተነሣች። ቅድስቲቱም ቃሏን ጠብቃ ቤቷን ትታ ወጣች። ገድል ጻፊው ይህን ሊደብቀው ይችል ነበር። የቅድስት ታሪክ በራእይ ወይም በተአምራዊ ልደት ቢጀመር ማንም አይቃወም። እሱ ግን በማጀት፣ በንዴትና በአንዲት ስም ያልተጠቀሰላት ሠራተኛ ላይ የተፈጸመ ግፍ መዝግቦ አስቀረልን። እናስተውል፤ ክርስቶስ ሠምራን የጠራት መልካም አዝመራ አልነበረም፣ የተሳካ ጉዳይም አልነበረም፤ ሀብቷ የበረከቷ ማስረጃ ሆኖ ሳለ አላዳናትም። ፊቷ የወደቀው የሌላ ሰው አካል ነው «ምን አደረግሽ?» ብሎ የጠየቃት። በኋላ የሰይጣንን ምሕረት እስከ መለመን የደረሰው ልቧ መጀመሪያ የተሰበረው በገዛ ቤቷ፣ በእሷ ሥልጣን ሥር በነበረች ልጅ ላይ ባደረገችው ነገር ነው። በየቤቱ ልብስ የምታጥብ፣ ውሃ የምትቀዳና ሕፃን የምታዝል የሰው ልጅ ባለችበት አገር፣ ነሐሴ 24 ጓንጉት ወርዶ ጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ ሲመለሱ ግን የገድሉን መነሻ ይዞ መመለስ ያሻል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይመጣል፤ ለሱ ጊዜ መስጠት ይገባል። እያንዳንዱ ሰው በየኑሮው ወንጌልን ላግኝ ካለ፣ ሁሉም የራሱ ተርጓሚ ይሆናል፤ ሕልሙንም ምኞቱንም የእግዚአብሔር ቃል ነው ይላል የሚል ነው። ይህ ስጋት በባዶ የመጣ አይደለም። ሊቃውንት አባቶቻችን በጎንደር ጉባኤያት አንድምታን ሲያጸኑ አንድን ቃል በብዙ መንገድ መፍታት ፈቅደዋል፤ ተማሪው ግን የሚተረጉመው በመምህሩ ፊት፣ ከቀደመው ትምህርት ጋር እያስተያየ ነው። የዕለት ኑሮን የሚያነብ ሰውም ያለዚህ ልጓም ቢሄድ ይጠፋል። ከጉባኤው ሌላ ግን ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው አንድ መፈተኛ አለ፤ ትርጉሙ ማንን እንደሚጠይቅ ማየት ነው። እኔን ነጻ አውጥቶ ሌላውን የሚከስ ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ የራሴ ነው። ጌታ በስንዴ መካከል ስለ በቀለው እንክርዳድ ሲነግር፣ ባሪያዎቹ ወዲያው እንንቀለው አሉት፤ ገበሬ ናቸውና ትክክል ይመስላል፤ እንክርዳድ ከእህል ጋር የተፈጨ እንደሆነ የበላውን ያዞረዋል። ባለቤቱ ግን ስንዴውን አብራችሁ ትነቅላላችሁ ብሎ ከለከላቸው። ምሳሌው ለእኛ የአጫጅነት ሥልጣን አልሰጠንም። ያን ምሳሌ ሰምቶ ከጎረቤቶቹ እንክርዳዱ የትኛው እንደሆነ ማሰብ የጀመረ ሰው ምሳሌውን ገና አልሰማውም።

ሌሎችም እንዲህ ይላሉ፤ እውነተኛው መንፈሳዊ ሕይወት በገዳም ነው፣ በጾምና በጸሎት፣ በቅዱስ ቁርባን፤ የማሳና የገበያ ኑሮ ቢበዛ የፈተና ቦታ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ገዳማውያኑ ራሳቸው የሚተርኩትን ቢሰሙ መልካም ነው። በግብፅ በረሃ ስለነበረው ስለ ታላቁ አባ መቃርስ በአበው ዜና እንዲህ ይተረካል፤ በከተማ ከሚኖሩ ሁለት ሴቶች መዓርግ ገና እንዳልደረሰ በድምፅ ተነገረው። ሄዶ ፈልጎ ሲያገኛቸው፣ ሁለት ወንድማማቾችን ያገቡ፣ በአንድ ቤት 15 ዓመት አብረው ሲኖሩ ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ የቆዩ ናቸው። ሁለት ምሽቶች በአንድ ቤት 15 ዓመት! ለዚህ ማብራሪያ የሚጠይቅ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። ቅዳሴውና ጾሙ ይቅር የሚል ከዚህ አይወጣም፤ አባ መቃርስም ወደ በረሃው ተመልሷል። የሚወጣው፣ በመቅደሱ የተቀበልነው ነገር ሊመዘን የሚችለው የት እንደሆነ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን የሚከተለው ነው። እንዲህ ከሆነ ወንጌልን የምግባር ትምህርት ብቻ አላደረግኸውም ወይ? ክፍያ ክፈል፣ እኅትህን አካፍል፣ ሠራተኛህን አትምታ፤ ይህን የኦሪት ሕግም፣ የመንግሥት ሕግም፣ ደግ የሆነ ኢ-አማኝም ይለዋል። ጸጋው የታለ? ተቃውሞው ልክ ነው፤ በከፊል። ወንጌሉ የሚያዝዘውን ከተናገረው የምሥራች ለይተን ካየነው ደረቅ ሕግ ይሆንብናል። ግን ከላይ ያነሣናቸውን ታሪኮች እንደገና ተመልከቱ። የቁራ ጫጩት ያገኘው የድካሙን አይደለም። የ11 ሰዓቱ ሠራተኛ የወሰደው የላቡን አይደለም። ክርስቶስ ሠምራ የሞተችውን ልጅ ማስነሣት በሷ እጅ አልነበረም፤ ተሰጣት እንጂ። ጥያቄው የሚመጣው ከስጦታው በኋላ ነው፤ ይህንንም በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያለው ባለ ዕዳ ያሳየናል። ሊከፍለው የማይችለው አሥር ሺህ መክሊት ተሰርዞለት ሲወጣ፣ አንድ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አንገቱን አነቀው። ዕዳው መሰረዙን አልካደም፤ ስለ ጌታው ቸርነት ምስክርነት ስጥ ቢባል ምናልባት ከሁላችን በላይ ያምር ነበር። ያልገባው ነገር ከደጃፉ ወጥቶ መጀመሪያ ያገኘው ሰው የዚያው የምሥራች ቀጣይ ገጽ መሆኑ ነው። ጸጋን ከጎረቤት ጥያቄ ለይቶ የሚይዝ ሰው በመጨረሻ የሚቀርለት ያገኘውን የሚቆጥርበት ምልክት ብቻ ነው።

ምልክት ካልን ዘንዳ ጎርፉን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ላይ ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰብ አፈናቅለዋል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ውሃው ሜዳውን ጎብኝቶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ምን በድሎ ነው የሚል ወሬ አይጠፋም። ጌታ ለዚህ ወሬ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል፤ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርትም ሁለቱም አይደሉም ብሎ መልሷል። አደጋን የፍርድ ወረቀት አድርጎ ማንበብን ወንጌሉ ዘግቶታል። ታዲያ ጎርፉ ምንም አይጠይቀንም ማለት ነው? ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን ስለ ውሃው መንገድ ነው። ጎርፉ የሚያመጣው ጭቃ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከጉና ወገብና ከሥሩ ካሉ ተዳፋት እርሻዎች የተሸረሸረ አፈር ነው። ያ አፈር የሜዳውን መሬት ያዳብረዋል፤ ሲበዛ ደግሞ የወንዙን አልጋ ሞልቶ ውሃውን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ጉና ሥር ቁልቁል የሚያርስና እርከኑን ያፈረሰ ገበሬ የፎገራውን ሰው አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ባልንጀራዬ ማነው ለሚለው የሕግ ዐዋቂው ጥያቄ ግን አንዱ መልስ እሱ ነው።

የፎገራ ሰውም ከላይ ባለው ላይ ብቻ ጣቱን ቀስሮ አይቀርም። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ከተነሣ በኋላ ሽንኩርት ለማጠጣት ሞተሩ ወንዝ ዳር ይተከላል፤ ከላይ ያለው ሌት ተቀን ሲስብ፣ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ ያለው ባዶ አሸዋ ያያል። ያኔ ከላይ ያለው እኛ ነን። የውሃ ተራ በስንት ሰዓት ይለወጥ፣ ሞተር የሌለው ከማን ጋር ይጠጣ፣ ወንዙ ሲያንስ መጀመሪያ ማን ያቁም የሚለውን በዚህ ዓመት ሽንኩርቱ ሳይተከል ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩበት፣ የምሥራቹ መንደራችሁ ውስጥ የት እንዳለ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።